የካንጋተን ሰማይ ስድስት ጥጆች

ባለፈው ሰኔ ሠላሳ ቀን የጣቢያውን ቁልፎች አስረከብኩ። ሦስት ናቸው፤ የአጥሩ በር፣ የመሣሪያው ሣጥንና የወረቀቱ ቁም ሣጥን። የተረከበኝ ቴክኒሺያን ሦስቱንም ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንጠለጠለ። አጥሩን አንዴ ዞሮ አየና «በቃ ይኼው ነው?» አለኝ።

«ይኼው ነው» አልኩት።

አዲሱ ምሰሶ ከቆመ ወር አልፎታል። አናቱ ላይ ነፋስ የሚለካ፣ ወገቡ ላይ ሙቀትና እርጥበት የሚለካ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ አለው። በየሩብ ሰዓቱ ራሱ ለክቶ ራሱ ይልካል። ይህን ስናገር ሰዎች እንዳዝን ይጠብቃሉ። አላዘንኩም። በዚያን ቀን ከካንጋተን እስከ ቱርሚ ድረስ የመኪናው መስኮት ላይ ተደግፌ ተኛሁ። በዚያ መንገድ ላይ አንድም ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም ነበር።

ምን ሸክም እንደወረደልኝ ለማስረዳት ከጋሽ ደምሴ መጀመር አለብኝ።

የተወለድኩት መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. ጂንካ ነው። እናቴ አሪ ናት፤ አባቴ ከጎፋ የመጣ አናጢ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ስላልሆነልኝ ትምህርቴን አቁሜ ጥቂት ጊዜ ከአባቴ ጋር እንጨት ላግሁ። ከዚያ እዚያው ጂንካ በአንድ የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ በኮንትራት ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ትንሽ ነበር፣ ይዘገይ ነበር፣ ይመጣ ነበር።

ጋሽ ደምሴ የጣቢያው ለኪ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ናቸው። እኔ ከዘበኛ ወንበሬ ላይ ሆኜ ዓመት ሙሉ እሳቸውን አየሁ። ዝናብ የሚለካበትን ብርጭቆ ቆመው አንብበው አያውቁም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጭቃው ላይ ይንበረከኩና ዓይናቸውን ከውሃው ፊት ጋር ያስተካክላሉ። ውሃ በብርጭቆ ውስጥ መሃሉ ትንሽ ይሰረጉዳል፤ የሚነበበው የጉድጓዱ ሥር ነው። ከላይ ሆኖ ያየው ሰው አሳስቶ ያነባል። የሱሪያቸው ጉልበት ሁልጊዜ ጭቃ ስለሆነ የቢሮው ሠራተኞች «ጋሽ ደምሴ ዛሬም ሲጸልዩ ዋሉ» እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸው «የናንተን ኃጢአት ነው» ብለው ያልፋሉ።

ሁለተኛው ልማዳቸው ካርቶኑ ነው። ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ፣ በመዝገቡ ገጽ ልክ የሆነ ቁራጭ ነበራቸው። መዝገቡን ሲከፍቱ አስቀድመው የትናንቱንና የትናንት ወዲያውን ረድፍ በካርቶኑ ይሸፍናሉ። ከዚያ በኋላ ነው የዛሬውን የሚጽፉት፤ የትናንቱ ቁጥር ዓይናቸውን እንዳይመራው ነው። ስህተት ከጻፉ አይደልዙም፣ አይፍቁም፤ በአንድ ቀጭን መስመር ያቋርጡትና የተሳሳተው እየተነበበ ትክክለኛውን ከላይ ይጽፋሉ።

እኔም በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ለብቻዬ መለካት ጀመርኩ። ሦስት ወር ያህል እንደለካሁ ደብተሩን ወንበሬ ላይ አገኙት። ቆመው አገላበጡት። ልባረር ነው ብዬ ነበር።

«ይኼ የማነው?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«ከኔ መዝገብ ነው የገለበጥከው?»

«አይደለም። ራሴ ነው የለካሁት።»

መዝገባቸውን አምጥተው ጎን ለጎን ዘረጉት። አሥራ ሦስት ቀን ላይ እንለያያለን። እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ አለፉ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ረጅም ጊዜ አሰቡ። «ይኼን ቀን አንተ ነህ ልክ» አሉኝና በመዝገባቸው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘበኝነቴ ለስም ብቻ ሆነ።

ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ካንጋተን ላይ አነስተኛ ጣቢያ ይከፈት ተባለ። ወደዚያ ልሂድ የሚል ሰው ጠፋ። ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ ኦሞን በጀልባ መሻገሩ፤ ድልድዩ ያኔ አልነበረም። ጋሽ ደምሴ «ያ ዝም የሚለው ዘበኛ ከተሰጠኝ እሄዳለሁ» አሉ። ተሰጠኋቸው።

ካንጋተን እንደደረስን አንድ ችግር ገጠመን። አየሩ ምን ያህል ጥርት እንዳለ፣ ዓይን ምን ያህል ርቀት እንደሚያይ መመዝገብ አለበት። ቀን ላይ ቀላል ነው፤ ርቀቱ የታወቀ ኮረብታ ይታያል ወይም አይታይም። ምሽት ላይ ግን ጂንካ የለመድነው ከሩቅ የሚታይ መብራት ነበር። ካንጋተን ከጤና ጣቢያውና ከጥቂት ሱቆች በቀር መብራት የለውም። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

«ጋሼ፣ ማታ በምን ልንለካ ነው?»

ለሦስት ምሽት ወንበራቸውን ከአጥሩ በስተደቡብ አውጥተው ሰማዩን እያዩ ተቀመጡ። በአራተኛው ጠሩኝ።

«እጅህን ዘርጋ። ጡጫህን ጨብጥ። ከአድማሱ ላይ አስቀምጠው። አሁን ሌላኛውን ጡጫ በላዩ።»

እንዳሉኝ አደረግኩ።

«ከላይኛው ጡጫህ አናት ላይ ምን አለ?»

ወቅቱ ሚያዝያ መጨረሻ ነበር። በደቡብ በኩል፣ መስቀል ከሚመስሉት ከአራቱ ደማቅ ኮከቦች በስተቀኝ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ላይ የተከማቹ ትናንሽ ኮከቦች ነበሩ። አንዷ ደማቅ ናት፤ ሌሎቹ እሷን ከበው ፈዘዝ ያሉ።

«ብዙ ኮከብ አለ» አልኳቸው።

«ብዙ የሚባል ቁጥር የለም። ዓይንህን ጨፍን፤ አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ድገም፤ ከዚያ ግለጥና ቁጠር።»

ደገምኩ። ገለጥኩ። ስድስት ነበሩ።

የጋሽ ደምሴ ሐሳብ ይህ ነበር። በካንጋተን አየሩን የሚያበላሸው ከደቡብ፣ ከቱርካና ሐይቅ ወገን በነፋስ የሚመጣው አቧራ ነው። ከመድረሱ በፊት ማታ ላይ ከአድማሱ በላይ ስስ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ዓይን አይለየውም። ኮከቦቹ ግን ይለዩታል። ስድስቱም ከታዩ አየሩ ጥርት ያለ ነው። ፈዛዞቹ ከጠፉ አቧራ አለ፤ ጠዋት ይደርሳል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ መጀመሪያ እነዚህን እናያለን፤ በሌላው ወር ሌሎች ኮከቦችን መረጡ። በቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ ስለሌለ በአስተያየት ዓምድ ውስጥ በእርሳስ ይጽፉታል፤ «ከስድስት አራት»፣ «ከስድስት ስድስት»።

በአጥሩ ማዶ የሎኪሩ የጥጃ በረት ነበር። ሎኪሩ የአገሩ ሰው፣ ኛንጋቶም ነው፣ ሽማግሌ፤ አማርኛውን የተማረው ከወታደርና ከነጋዴ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠን ወደ ሰማይ ስናይ እያየን ይስቅ ነበር።

«አንተ ደምሴ፣ ደመወዝ የሚሰጡህ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔም እንደዚህ አያለሁ። ለኔ ማን ይሰጣል?»

«አንተ ጥጃ አለህ።»

ሎኪሩ በዱላው ወደ ኮከቦቹ ጠቆመ። «እነሱም ጥጆች ናቸው። ትንንሽ ናቸው። ትልቁ ከብት እዚያ ላይ ነው» አለና ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፈውን ነጩን የከዋክብት መንገድ አሳየን። ከዚያ ወዲህ በኛ መካከል ስማቸው ጥጆቹ ሆነ።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሲሄዱ መዝገቡን፣ እርሳሱንና ካርቶኑን ተዉልኝ። «ሌላ የምሰጥህ የለኝም» አሉኝ። ጣቢያው የኔ ብቻ ሆነ።

ብቻዬን ስሆን ማንበብ ጀመርኩ። አንድ አስጎብኚ የረሳው አቅራቢ መነጽር ነበረኝ፤ ጂንካ በሄድኩ ቁጥር ደግሞ በስልኬ የሚነበብ ነገር አወርዳለሁ። ጥጆቹን በመነጽር ሳያቸው ስድስት ሳይሆኑ ብዙ ናቸው፤ ቆጥሬ አልጨረስኳቸውም። ሁሉም ከአንድ ደመና አንድ ላይ የተወለዱ እንደሆኑ አነበብኩ። ዕድሜያቸው በሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ ግን ከኛ ፀሐይ ጋር ሲነጻጸሩ ገና ሕፃናት ናቸው። ሎኪሩ ይህን ሳያነብ ጥጆች ማለቱ ደስ አሰኘኝ። ስድስቱን አንድ በአንድ ከቦታቸው ጋር ሣልኳቸው፤ ማን ከማን ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የትኛዋ እንደምትደምቅ። ለሥዕሉ የሚሆን ጠንካራ ወረቀት ስላልነበረኝ በጋሽ ደምሴ ካርቶን ጀርባ ላይ ሣልኩት። ሥዕሉ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ካርቶኑን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ የትናንቱን ረድፍ የሚሸፍን ነገር አልነበረም። አላጎደለብኝም። በጣም እያወቅኳቸው ነበር፤ ከመቀመጫዬ ተነስቼ አንገቴን ባቀና በአንድ ትንፋሽ «ስድስት» እላለሁ።

የወረዳው ሰዎች ኮከብ ቆጣሪው ይሉኝ ነበር። «ኮከብ ቆጣሪ፣ እስቲ የኔን ዕጣ ንገረኝ፤ ዝውውር ይደርሰኛል?» ይላሉ። ግን ደግሞ ይጠይቁኛል። ከጤና ጣቢያው ወዲያ ትንሽ አውሮፕላን የምታርፍበት ሜዳ አለ። በጽኑ የታመመ ሰው ሲኖር በሬዲዮ ይጠራሉ፤ አብራሪው መሬቱን ማየት ካልቻለ ግን ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ሲስተር አልማዝ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ማታ ማታ ወደ አጥሬ ብቅ እያለች «በረከት፣ ነገ ጠዋት እንዴት ነው?» ማለት ለመደች።

ከስምንት ዓመት በፊት በግንቦት የሎኪሩ ልጅ ናቴሎ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ምጥ ላይ ነበረች። ምጡ አልገፋላትም። ሲስተር አልማዝ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ እየተጣደፈች መጣች።

«በረከት፣ ሁለት ምርጫ ነው ያለኝ። አሁኑኑ በጀልባ አሻግሬ ማዶ ባለው መኪና ልስደዳት፤ እስከ ጂንካ መንገዱን ታውቀዋለህ። ወይም እስከ ጠዋት ይዣት አውሮፕላን ልጥራ። መኪናው ያንገላታታል። አየሩ አስተማማኝ ከሆነ ጠዋት ይሻላታል።»

ወጣሁ። ወደ ደቡብ አየሁ። «ስድስቱም አሉ» አልኳት። «ጥርት ያለ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ስድስት ናቸው ሲስተር።»

ጠዋት ስነሳ የበሩ ስንጥቅ ቡናማ ነበር። አቧራው ጤና ጣቢያውን ከኔ ሰውሮታል። የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰማሁ፤ ከላያችን ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ከዚያ ድምፁ እየራቀ ሄደ። ናቴሎን በቃሬዛ ወደ ጀልባው ሲወስዷት ሎኪሩ ከኋላ ይሄድ ነበር። እኔን አላየኝም፤ ወይም ያየኝ አልመሰለኝም። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ ጂንካ ሳይደርስ ሞተ።

በዚያን ዕለት ምሽት አቧራው ገና አልሄደም ነበር። በልማዴ ወጣሁ፤ ወደ ደቡብ አየሁና በአንድ ትንፋሽ «ስድስት» አልኩ።

ከዚያ ደነገጥኩ። በዚያ አቧራ ውስጥ ስድስት ሊታይ አይችልም። ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ደገምኩ፤ ጋሽ ደምሴ ከሄዱ ወዲህ ይህን አድርጌ አላውቅም። ስገልጥ የምትታየው አንዷ ደማቋ ብቻ ነበረች፤ እሷም ቀልታለች። አምስቱን ያየሁት ግድግዳዬ ላይ ነበር። ቦታቸውን ስለማውቅ ባዶውን ጨለማ በእውቀቴ ሞልቼዋለሁ። ትናንትም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

መዝገቡን ከፍቼ የትናንቱን «ከስድስት ስድስት» በአንድ ቀጭን መስመር አቋረጥኩና ከላዩ «በዓይን አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ለአለቃዬ በስልክ ነገርኩት። «ኮከብ ቅጹ ላይ አለ እንዴ?» አለኝ። «ማን ጠየቀህ? አንተ የታዘዝከውን ላክ። ይህን ነገር ደግመህ ለማንም እንዳታወራ።» ከዚያ ለጋሽ ደምሴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ካርቶኑ የት አለ?» አሉኝ።

«ግድግዳ ላይ ነው ጋሼ።»

«እሺ» አሉ።

ሎኪሩ ከጂንካ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። አመሻሽ ላይ ጥጆቹን ሲያስገባ ወደ በረቱ ሄድኩ። በዚያ ሰዓት ልነግረው የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር።

«ያን ቀን ኮከቦቹን አላየኋቸውም» አልኩት። «አይቻለሁ ብዬ ነው እንጂ አላየሁም። እዚያ እንዳሉ ስለማውቅ ነው ስድስት ያልኩት።»

ሎኪሩ በበረቱ በር ላይ ቆሞ የሚገቡትን ጥጆች እያየ ነበር። የመጨረሻው እስኪገባ ጠበቀ። ከዚያ በሩን በእሾህ ዘጋ።

«ስንት ጥጃ ገባ?» አለኝ።

«አልቆጠርኩም።»

«እኔም አልቆጠርኩም። እኛ ከብት አንቆጥርም፤ ጥሩ አይደለም። ቁጥር ሌባ ነው። አሥር ትላለህ፣ ልብህ ይተኛል። እኔ ሲገባ የማየው ማን እንዳልገባ ነው። ጆሮዋ ጥቁሩ የታለች? ቀንዱ የጎበጠው የታለ? የሌለውን እፈልጋለሁ። የጎደለ ከሌለ፣ ከዚያ በኋላ እተኛለሁ።» ዱላውን ወደ ደቡብ አነሳ። «አንተ ያለውን ትቆጥራለህ። ያለው ይዋሻል።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«ልጁ ሞቷል» አለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ የሆነውን ብቻ ነበር የተናገረው። «ነገ ማታ ና። አብረን እናያለን።»

ሄድኩ። ካርቶኑን ከግድግዳው አውርጄ ሥዕሉ ወደ ውስጥ፣ ያልተሣለበት ጎን ወደ ውጭ ሆኖ በመዝገቡ ላይ መለስኩት። ከዚያ በኋላ ለስምንት ዓመት በእያንዳንዱ ጥርት ያለ ምሽት ዓይኔን ጨፍኜ፣ ደግሜ፣ ስገልጥ «ስንት አሉ?» ማለት ትቼ «የትኛዋ የለችም?» ማለት ያዝኩ። ይህ ጥያቄ ዓይንን ሌላ ሥራ ያሠራዋል። ወደ እያንዳንዷ ቦታ ይወስደዋል፤ እዚያ ካላገኛት አላገኛትም ይላል። ሥራው ግን ከዚያ በኋላ ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ደግሜ ላረጋግጥ የተነሳሁባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው። ሲስተር አልማዝ መጠየቋን አላቆመችም። ብታቆም እመርጥ ነበር።

ዘንድሮ ግንቦት መጨረሻ ላይ ናቴሎ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ነበር። በእነዚያ ስምንት ዓመታት አንድ ጊዜ አርግዛ በሦስተኛ ወሯ ወርዶባታል። ሲስተር አልማዝ ወደ ጂንካ ቀደም ብላ እንድትሄድ ስትመክራት ከርማለች፤ ናቴሎ ግን ቀኑ ገና ነው ብላ ቆየች። ምጡ ከታሰበው በፊት መጣ። አዲሱ ምሰሶ ከቆመ አንድ ሳምንቱ ነበር።

ሲስተር አልማዝ ስትመጣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አምቡላንሱ በር ላይ ሞተሩ አልጠፋም። ሎኪሩ ዱላውን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።

«ያ ማሽንህ ምን ይላል?» አለችኝ።

የምሰሶውን ማሳያ አነበብኩላት። ነፋሱ የተረጋጋ ነው፤ ሙቀቱ እንደ ወትሮው፤ ዝናብ የለም።

«ታዲያ ጥሩ ነው፤ አይደለም?»

«ስለ አቧራ አይናገርም ሲስተር።»

«አንተስ?»

አጥሩ አጠገብ ቆምኩ። መስቀሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጥጆቹ በስተቀኙ ናቸው። ዓይኔን ጨፈንኩ። የአምቡላንሱ ሹፌር «ይኼ ሰውዬ ሊተኛ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት። «ዝም በል» አለው ሎኪሩ። ሁለተኛውን አባታችን ሆይ ስጨርስ ገለጥኩ። ደማቋ አለች። ከላይ ያሉት ሁለቱ አሉ። በስተግራ ያለችው አለች። ከታች ያለችው ቦታዋ ላይ የለችም። አንዴ ወደ ጎን አየሁ፤ ፈዛዛ ኮከብ ቀጥታ ሲያዩት ስለሚጠፋ ነው። የለችም። ከሷ አጠገብ ያለችው አንዴ ታየችኝ፣ አንዴ ጠፋችኝ። እንደታየች ልቆጥራት ፈለግኩ። ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ያንን ፍላጎት መግታት ከባድ ነው።

«የታችኛዋ የለችም» አልኩ። «አጠገቧ ያለችውን አላውቃትም፤ አለች ማለት አልችልም። አውሮፕላን አትጠብቂ። አሁኑኑ ሂጂ።»

ሲስተር አልማዝ ሎኪሩን አየችው። እሱም ወደ ደቡብ አየ፤ የሱ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። «ሂዱ» አለ። ድልድዩን ሲሻገሩ የመኪናው መብራት ሲወዛወዝ አየነው።

ሎኪሩና እኔ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ኔትወርኩ በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል፤ ከመንገድ የምትደውለው ሲስተር አልማዝ ናት። «ቱርሚን አልፈናል፤ ደህና ናት።» «አልዱባ ነን፤ ምጧ በረታ።» ከዚያ ረጅም ዝምታ። «ካኮ ደረስን።» ሎኪሩ ስሞቹን እየደጋገመ በዱላው አሸዋው ላይ ነጥብ ይሠራ ነበር። ከካኮ በኋላ ኔትወርኩ ጠፋ። ነጥቡ እዚያው ቆመ። ከዚያ በላይ የሠራው ነገር የለም።

ጠዋት አቧራው መጣ። ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ሦስት ሰዓት ላይ ስስ ቡናማ ሆኖ ደረሰ፤ ጤና ጣቢያው ይታያል፤ ሜዳው ግማሹ ይታያል። አውሮፕላን ያርፍ ነበር ወይስ አያርፍም? እስከ ዛሬ አላውቅም። አብራሪ አልጠየቅኩም። ስምንት ዓመት ሙሉ ልክ ሆኜ የምገኝበትን አንድ ጠዋት እጠብቅ ነበር፤ ያ ጠዋት መጣና ልክ መሆኔን አልነገረኝም።

አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሲስተር አልማዝ ነበረች። ድምፅዋ ደክሟል።

«በኦፕራሲዮን ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። እየሰማኸኝ ነው በረከት? ሁለቱም!»

ስልኩን ለሎኪሩ ሰጠሁት። እሱ ጆሮው ላይ ገልብጦ ይዞት ነበር፤ አስተካከልኩለት። ሰማ። ስልኩን መለሰልኝና ወደ በረቱ ሄዶ የእሾሁን በር ከፈተ። ጥጆቹ አንድ በአንድ ሲወጡ እያያቸው ቆመ። እኔ እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጬ ቀረሁ። የጠዋቱን ልኬት ሳልወስድ የቀረሁት በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያን ቀን ብቻ ነው። ምሰሶው ለክቶታል።

አሁን ጂንካ ነኝ። ገበያው አጠገብ የፀሐይ መብራትና ባትሪ እጠግናለሁ። የተበላሸ ነገር ሰው አጠገቤ ያስቀምጥና ይሄዳል፤ ብሳሳት መብራት አይበራም፣ ነገ ይመለሳል። ካርቶኑ አሁንም ከኔ ጋር ነው፤ የሥራ መዝገቤ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጋሽ ደምሴ ይህን ስነግራቸው «እሺ» አሉኝ። ያን ጊዜ ካሉት እሺ የተለየ ነበር።

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፀሐይ ገብታ ብዙም ሳይቆይ፣ ከናቴሎ ስልክ ተደወለልኝ። ሎኪሩ ነበር። ከበስተጀርባው ሕፃን ታለቅሳለች፣ ናቴሎ ታባብላታለች።

«ጥጆቹ ሊገቡ ነው» አለኝ። በዚያ ወር ከምዕራብ ወገን ዝቅ ብለው በጊዜ ይጠልቃሉ። «ታያቸዋለህ?»

ከሱቄ ወጣሁ። የጂንካ ሰማይ እንደ ሐምሌነቱ ተደፍኗል።

«ደመና ነው፤ አላይም» አልኩት። «አንተስ? ዓይንህ ያያል?»

«ናቴሎ ታያለች። እሷ ትነግረኛለች።» ወደ ጎን በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀ። ሕፃኗ ለቅሶዋን እስክታቆም፣ ከዚያም ናቴሎ እያንዳንዷን ቦታ እስክታይ ሁለታችንም ጠበቅን። ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁ፤ እሱም ወደ አማርኛ መለሰልኝ።

«የጎደለ የለም» አለኝ።